«ኩሽ» የት ነው? የማንስ ስም ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ስም የሚጠይቁ ናቸው፦ ስለ ኩሽ። ስሙ በስብከት፣ በታሪክ መጽሐፍና በፖለቲካ ክርክር አዘውትሮ ይነሣል፤ ሰሚውና ተናጋሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቡት የተለያየ አገር ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አሰባስቤ እነሆ መልሱን።

ኩሽ የሚባለው አገር በትክክል የት ነበር? (ተማሪ፣ ከደሴ)

ከአስዋን በስተደቡብ በዓባይ ሸለቆ፣ በአብዛኛው የዛሬዋ ሱዳን ሰሜናዊ ክፍል ላይ ነበር። ስሙን በጽሑፍ ያቆዩልን ጥንታውያን ግብፃውያን ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት መጀመሪያ ላይ በድንጋይ ቀርጸውት ይገኛል። ፈርዖኖቹ ብዙ ጊዜ «ወራዳው ኩሽ» እያሉ ይጽፉ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ቡሄንና ሰምና ላይ ግዙፍ ምሽግ እየገነቡ ወታደር ያሰፍሩ ነበርና ጎረቤታቸውን ምን ያህል ይፈሩት እንደነበር ከስድቡ ይልቅ ግንቡ ይናገራል።

ማዕከሉ በየዘመኑ ተዛውሯል። መጀመሪያ ከርማ፣ ቀጥሎ በጀበል ባርካል ተራራ ሥር ያለችው ናፓታ፣ በመጨረሻ ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው መሮዌ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኩሽ ነገሥታት መላ ግብፅን ይዘው 25ኛው ሥርወ መንግሥት ተብለው ነግሠዋል። ፒራሚድ ሲነሣ ሁሉም ሰው ወደ ጊዛ ያያል፤ ሱዳን ውስጥ ግን ከ200 በላይ ፒራሚዶች አሉ። ይህንን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት እወዳለሁ።

እኔ የማነበው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ኩሽ» የሚለውን እናቴ በአማርኛ «ኢትዮጵያ» ብላ ታነበዋለች። ማን ነው የተሳሳተው? (ከዋሽንግተን)

እናትሽም አንቺም አልተሳሳታችሁም። የዕብራይስጡ ቃል ኩሽ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍቱ ወደ ግሪክኛ ሲመለሱ፣ እኛ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የምንለው ማለት ነው፣ ተርጓሚዎቹ የአገሩን ስም ግሪኮች በሚያውቁት ጠሩት፤ «አይቲዮጲያ» አሉት። ቃሉ ለግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የጠየመ ሰዎች አገር ማለት ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም መሮዌን የኢትዮጵያውያን እናት ከተማ ብሎ ጽፏታል። የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ስለ ተመለሰ ስሙን ከዚያ ወረሰ፤ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው መዝሙርም በዕብራይስጡ ኩሽ ይላል። የሰው ስም ሲሆን ግን አልተለወጠም፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ላይ የካም ልጅ በአማርኛም ኩሽ ነው።

ስለዚህ በትንቢተ ኢሳይያስ የምታነቢው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ፣ ታሪክ ታሃርቃ የሚለው የኩሽ ንጉሥ ነው። ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅንና ኩሽን ገዝቷል። በሌላ በኩል መዝሙሩን ከሺህ ዓመታት በላይ በራሷ ስም ስትጸልይበት የኖረች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ያም ራሱን የቻለ እውነተኛ ታሪክ ነው። እናትሽን «ልክ አይደለሽም» እንዳትያት አደራ።

ሕንደኬስ? የእኛ ንግሥት አልነበረችም? (ከሪያድ)

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሕንደኬ የሚላት በግሪክኛው «ካንዳኬ» ናት፤ ይህም የመሮዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው፤ እኛ «እቴጌ» እንደምንለው። ስለዚህ ሕንደኬ የተባሉት ብዙ ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አማኒሬናስን አለማንሣት አልችልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ዎቹ ዓመታት ኩሽ ከሮም ጋር ሲዋጋ ሠራዊቷ አስዋን ድረስ ዘምቶ የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ማርኮ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1910 መሮዌ ላይ ሲቆፈር ከአንዱ ሐውልት የተቆረጠ የነሐስ ራስ ተገኘ። የተቀበረው በአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ነበር፤ ወጪ ገቢው ሁሉ ቄሣርን እንዲረግጠው! ዓይኖቹ ሳይደበዝዙ ያሉት ይህ ራስ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል።

አክሱምና ኩሽ አንድ መንግሥት ነበሩ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እውነት ነው? (መምህር፣ ከመቀሌ)

አይደለም፤ ለዚህም ምስክሩ ራሱ ንጉሥ ኢዛና ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጻቸው ጽሑፎች የማዕረጉን ዝርዝር ሲደረድር አክሱምን ለብቻ፣ ሳባን ለብቻ፣ ብጋን ለብቻ፣ «ካሱ»ንም ለብቻ ይጠራል። ካሱ ኩሽ ነው። በሌላ ሰው አገር ላይ ንጉሥ ነኝ እያለ ነው።

የበለጠ የሚገርመው የግሪክኛው ቅጂ ነው። እዚያ «አይቲዮጴስ» የሚለው ስም በሌላኛው ቅጂ «ሐበሠት» በሚለው ቦታ ገብቷል፤ ካሱም ከእርሱ ተለይቶ በዝርዝሩ መጨረሻ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ግሪኮች ለዘመናት ለመሮዌ የሰጡት ስም በኢዛና ዘመን የአክሱም ሰዎች ራሳቸውን ለግሪክኛ አንባቢ የሚያስተዋውቁበት ሆኗል። የስሙን ፍልሰት በዓይን ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አላውቅም፤ ተማሪዎችዎን ይዘው አክሱም ቢሄዱ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ይገባቸዋል።

ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ያስቀረጸው የዘመቻ ጽሑፍ ደግሞ በኖባ ሕዝብና በካሱ ላይ ስለ መዝመቱ ያትታል። የግንብና የሣር ከተሞችን እንዳቃጠለ፣ እህል፣ ነሐስና ብረት እንደዘረፈ፣ የጥጥ ጎተራቸውንም አጥፍቶ ወንዝ ውስጥ እንደጣለ ይዘረዝራል። ጥጡ የመሮዌ ሀብት ነበር። የዚያን ጊዜ ኩሽ ተዳክማ ነበር፤ ብዙም ሳትቆይ ከታሪክ መድረክ ወርዳለች።

ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ «ኩሽቲክ» ከተባሉ ተናጋሪዎቻቸው የመሮዌ ወራሾች ናቸው ማለት ነው? (ከአዳማ)

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፤ በተለይ በክርክር ጊዜ ስሙ እንደ ጋሻም እንደ ጦርም ሲያገለግል አያለሁና በግልጽ ልመልሰው። «ኩሽቲክ» የቋንቋ ቤተሰብ መለያ ነው። ስያሜውን ያወጡት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቋንቋ አጥኚዎች ሲሆኑ የወሰዱትም ከመጽሐፍ ቅዱሱ የካም ልጅ ስም ነው፤ «ሴማዊ»ን ከሴም እንደወሰዱ ሁሉ። መሮዌ የራሷ ፊደል ነበራት፤ 23 ምልክቶች። ፊደሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢነበብም ቋንቋው ዛሬም በአብዛኛው አልተፈታም። እስካሁን የተፈታው ግን ከኑቢያ ቋንቋዎች ዘመዶች ጋር እንጂ ከኦሮምኛ ወይም ከሶማልኛ ጋር አያዛምደውም። የኩሽ ጎረቤቶች ከነበሩት መካከል ቤጃዎች የኩሽቲክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ግንኙነቱ እስከዚያ ይሄዳል።

ደግሞም ኩሽቲክና ሴማዊ ሁለቱም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ፣ የአፍሮ-እስያ፣ ቅርንጫፎች ናቸው። አገውኛ ከአማርኛና ከግዕዝ ጋር ለዘመናት ተቀላቅሎ የኖረበት አገር ውስጥ የቋንቋ መለያን ወደ ደም መለያ መለወጥ ሰውን ከሰው ከማጣላት በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም። የኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ ለመከበር የመሮዌን ፒራሚድ አያስፈልገውም። የሱዳን ሰዎች ቅርስም የእነርሱ ነው፤ በተለይ ዛሬ አገራቸው በጦርነት ውስጥ ባለችበት ጊዜ ከእጃቸው ባንወስድባቸው።

ኑቢያና ኩሽ ልዩነት አላቸው? (ከቴል አቪቭ)

ቦታው ይገጥማል፣ ዘመኑ ይለያል። ኩሽ የጥንቱ መንግሥት መጠሪያ ነው፤ ኑቢያ ከኖባ ሕዝብ ስም ጋር የተያያዘ የአካባቢው ስም ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ከኩሽ መውደቅ በኋላ የተነሡት ኖባዲያ፣ ማኩሪያና አልዋ የክርስቲያን ኑቢያ መንግሥታት ይባላሉ፤ ኩሽ አይባሉም።

ጽሑፍ ላይ የትኛውን ልጠቀም? (ጋዜጠኛ፣ ከአዲስ አበባ)

ስለ ከርማ፣ ስለ ናፓታና ስለ መሮዌ ሲጽፉ «ኩሽ» ይበሉ። ከግሪክ ደራሲ ወይም ከአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲጠቅሱ «ኢትዮጵያ» የሚለውን እንዳለ ይተዉትና የሚናገረው ስለ ዓባይ ሸለቆው መንግሥት መሆኑን በአንድ ሐረግ ያስረዱ። «ጥንታዊት ኢትዮጵያ» ብቻ ብለው ካለፉ አንባቢው አክሱምን ያስባል። ቋንቋውን ሲያነሡ «ኩሽቲክ ቋንቋዎች» እንጂ «ኩሾች» አይበሉ።

ሂንዱ ኩሽ ተራራስ? (ከሐዋሳ)

አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ውስጥ ነው። ከድምፁ መመሳሰል በቀር ከእኛው ኩሽ ጋር አይገናኝም።