ጣሪያው አንዳንዴ የማይታዘዝ፣ ንፋሱ ከኋላ የሚመታ ኮንቨርቲብል፦ ፓምፕ ከመቀየርህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመውና ልመልስልህ። ያገለገለ፣ ባለ አራት ወንበር፣ የሚከፈት የጨርቅ ጣሪያ ያለው መኪና (ኮንቨርቲብል) ገዝተሃል። የጣሪያውን በተን ስትጫን አንዳንዴ መስታወቶቹ ብቻ ይወርዱና ጣሪያው ንቅንቅ አይልም፤ አንዳንዴ ደግሞ ጀምሮ መሃል ላይ ይቆማል። ከፍተህ ስትነዳ ንፋሱ ከኋላ ማጅራትህን ይመታሃል፣ ኤሲውም ማሞቂያውም መኖራቸው አይታወቅም። «ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሞቷል፣ ቀይረው» ያሉህም አሉ። አትቸኩል። አንድ ቀን እየሠራ አንድ ቀን የሚያምፅ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ደህና ነው፤ መኪናው የጎደለ አንድ ነገር እስኪሟላለት እየጠበቀ ነው።

የኤሌክትሪክ ጣሪያ ከበተኑ በቀጥታ ትእዛዝ አይቀበልም። መሃል ላይ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር አለ። እሱም በየመቀርቀሪያውና በየማጠፊያው የተተከሉትን ትንንሽ ስዊቾችና ሴንሰሮች አንድ በአንድ እያየ ነው የሚሄደው። የዕቃ መጫኛው ክዳን ተዘግቷል? የሻንጣ መለያው ወርዷል? ፍጥነቱ ከተፈቀደው በታች ነው? የባትሪው ኃይል ይበቃል? ብርዱ አልበዛም? ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ሥራው እዚያው ይቆማል። መስታወቶቹ ወርደው ጣሪያው ዝም ማለቱ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ በተኑ ይሠራል፣ ትእዛዙም ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ በተኑን መፈታታት ትርፉ ድካም ነው፤ ፍለጋህን ከኋላ ጀምር።

መጀመሪያ የሻንጣ መለያውን እይ። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ጣሪያው ታጥፎ የሚያርፍበትን ቦታ ከሻንጣው የሚለይ፣ እንደ መኪናው ዓይነት መጋረጃ መሰል ወይም ጠንካራ ክዳን አለ። ትልቅ ሻንጣ ለማስገባት ከፍ ተደርጎ ከተረሳ ጣሪያው አይከፈትም። ወደ ቦታው አውርደህ በግራም በቀኝም «ቀጭ» እስኪል ግፋው። ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል የጣት ውፍረት ያህል ተንሳፍፎ የቀረ መለያ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ስዊቹ ያለው ያልገባው ጎን ላይ ከሆነ ግን ለኮምፒውተሩ ክፍት ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ይህ ጫፍ ገባ ወጣ ይላል፤ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ችግር ምንጩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከሥሩ ዣንጥላ ወይም ጃኬት ሽቅብ እየገፋው እንዳይሆንም በእጅህ ዳብሰህ አረጋግጥ። ከመለያው በላይ ምንም ነገር መቀመጥ የለበትም፤ ጣሪያው ሲወርድ በሙሉ ኃይሉ ነውና የኋላ መስታወቱንም ሆነ ማጠፊያውን ሊሰብር ይችላል።

ቀጥሎ ባትሪ። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ሲነሳ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ ሞተር ማስነሳት የቻለ ባትሪ ሁሉ ጣሪያ ይችላል ማለት አይደለም። መኪናው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ለካው፦ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካልሆነ ደግሞ ዲናሞውን አሳይ። ጣሪያው መሃል ላይ የሚቆመው ፓምፑ ሲከብደው ቮልቴጁ ወርዶ ኮምፒውተሩ ስለሚያቋርጠው ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ሞተሩን አስነስተህ ክፈት፣ አስነስተህ ዝጋ። ደጋግመህ ከሞከርክ ፓምፑ እንዳይቃጠል በሙቀት መከላከያው ራሱን ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አሳርፈው እንጂ በተኑን አትቀጥቅጠው።

በተኑን በተመለከተ ሰዎች የሚሳሳቱት ቶሎ በመልቀቅ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ጣቱ ከተነሳ ጣሪያውም ይቆማል፤ ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ የደህንነት ነገር ነው። ጣሪያው ፓራብሬዛው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ያለቀ ይመስላል፤ ግን ገና ነው። መቀርቀሪያው ጎትቶ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ መስታወቶቹ ይወጣሉ፣ ከዚያ የድምፅ ምልክት ይሰጣል ወይም ዳሽቦርዱ ላይ መልእክት ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ጣትህን አታንሳ። ሳይቆለፍ የተነዳ ጣሪያ ፍጥነት ሲጨምር ንፋስ ከሥሩ ገብቶ ሊያነሳው ይችላል።

እየነዱ መክፈት ይቻላል ወይ የሚለው እንደ መኪናው ይለያያል። የአሁኑ ቢኤምደብሊው 4 ሲሪስ የጨርቅ ጣሪያ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ይታዘዛል፣ በ10 ሰከንድም ይጨርሳል፤ የማዝዳ ኤምኤክስ 5 አርኤፍ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እሺ አይልም። ምክሬ፣ ቢፈቅድም ቆመህ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አድርገው። አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ አካሉ ትንሽ ከተጠማዘዘ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም። ወደ ላይም ተመልከት፤ ጣሪያው ሲታጠፍ መሃል ላይ ከተዘጋው ቁመቱ በጣም ከፍ ይላል፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ከቧንቧና ከመብራት ጋር የሚጋጨው እዚያ ነው። የሚታጠፍ የብረት ጣሪያ ያላቸው ደግሞ የዕቃ መጫኛው ክዳን ወደ ኋላ ስለሚከፈት ከኋላቸውም ግድግዳ መኖር የለበትም። ብርድ ከዜሮ በታች በእጅጉ ሲወርድ ብዙ መኪኖች ጣሪያውን አያንቀሳቅሱም፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጨርቁና ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ በግድ ማጠፍ መሰንጠቅ ነው።

መሃል ላይ ቆሞ ቢቀርብህ አዳምጥ። ፓምፑ እያጉረመረመ ጣሪያው ካልተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ ዘይት ጎድሏል ወይም ጣሪያውን የሚገፋው ሲሊንደር ያፈሳል። የጣሪያውን ማጠፊያዎች ሥርና የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ በነጭ ጨርቅ ጥረግ፤ የዘይት እርጥበት ካለ ይታያል። ፓምፑ ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊውዝ፣ ሪሌ (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ወይም አንድ ሴንሰር ነው። ያኔ ኮምፒውተሩን በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብብ፤ የትኛው ስዊች እንዳልመለሰ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የስህተት ኮድ ይናገራል። ግማሽ ክፍት ሆኖ የቀረውን ጣሪያ እንዲሁ ትተኸው አትሂድ፤ ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲለቅ በራሱ ሊወርድ ስለሚችል እጅም ጭንቅላትም ከማጠፊያው መሃል ይራቅ። በእጅ መዝጋት ግድ ከሆነ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፓምፑ ላይ ያለውን የግፊት ማስለቀቂያ በመመሪያ መጽሐፉ መሠረት ፈትተህ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከግራና ከቀኝ እኩል አንሱት። ባንድ ጎን ብቻ የተጎተተ ጣሪያ ይጣመምና ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይገጥምም።

የበሩ መስታወት ነገርም አለ። በሩን ስትከፍት መስታወቱ ትንሽ ዝቅ፣ ስትዘጋ መልሶ ከፍ ማለት አለበት፤ የመስታወት ፍሬም ስለሌለው ጎሚኒው ውስጥ የሚገባው እንደዚያ ነው። ባትሪ ተነቅሎ ከነበረ ይህን ልኩን ይረሳል። በብዙ መኪኖች መስታወቱን እስከ ላይ ዘግተህ የመስታወቱን በተን ለጥቂት ሰከንድ እንደጎተትክ መያዝ ይመልሰዋል፤ ለእያንዳንዱ በር ለየብቻ አድርገው። ይህ ካልተስተካከለ ጣሪያውም ላይጨርስ ይችላል፣ ዝናብም ይገባል።

አሁን ወደ ንፋሱ። ብዙ ሰው ንፋስ ከፊት የሚመጣ ይመስለዋል። ከፊት የሚመጣው ፓራብሬዛውን ዘሎ ከጭንቅላትህ በላይ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ግን ከኋላ ወንበሮቹ አካባቢ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ይጠማዘዝና በወንበሮቹ መሃል አድርጎ ወደ ፊት ይመለሳል። ማጅራትህን የሚመታህ፣ ፀጉር ወደ ፊት የሚበትነው፣ ወረቀት ከኋላ ወንበር አንስቶ ዳሽቦርድ ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ተመላሽ አየር ነው። ይህን ካወቅክ መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ከኋላ መዝጋት። አራቱንም የጎን መስታወቶች ወደ ላይ ዝጋ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ የሚተከለውን የመረብ ንፋስ መከላከያ ግጠም። መረብ የሆነው አየሩን ጨርሶ ስለማያግደው ነው፤ ሰባብሮ ያዳክመዋል፣ በኋላ መመልከቻ መስታወትም አሳልፈህ ታያለህ። ከመኪናህ ጋር ካልመጣ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ፈልግ፤ ከላይ እስከ ጭንቅላት መደገፊያው ካልደረሰ ወይም በጎን ክፍተት ካለው ዋጋ የለውም። ሲገጠም የኋላ ወንበር ሰው አይቀመጥበትም፣ ይህ ጉዳቱ ነው። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢ ክላስ ላይ ያመጣው ኤርካፕ ይህንኑ ለማቃለል ነው፤ ፓራብሬዛው አናት ላይ የምትነሳ ክንፍና ከኋላ ወንበሮቹ ጀርባ የምትነሳ መረብ አሉት፣ ስለዚህ አራት ሰው መቀመጥ ይችላል። ወንበርህንም ጥቂት ዝቅ አድርገው፤ አናትህ ከፓራብሬዛው ጫፍ በታች በሆነ ቁጥር ምቾቱ ይጨምራል።

ኤሲህና ማሞቂያህ አልተበላሹም፤ አውቶማቲክ ላይ ስለተውካቸው ተደናግረዋል። የውስጡን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ጣሪያው ሲከፈት የሚለካው የውጭውን አየር ነው፤ የፀሐይ ሴንሰሩም ቀጥታ ፀሐይ ይመታዋል። አንዳንድ መኪኖች ጣሪያው መከፈቱን አውቀው አሠራራቸውን ይቀይራሉ፤ ያንተ ካልቀየረ አውቶማቲኩን አጥፋና በእጅህ አስተካክል። ለብርድ፦ ሙቀቱን ከፍ አድርገህ አየሩን ወደ እግር ላከው፤ ሞቃት አየር ከታች ሲነሳ መስታወቶቹ ከወጡ ከወገብህ በታች እንደ ገንዳ ሞልቶ ይቆያል። የወንበር ማሞቂያውን ጨምርበት፤ አካልህን በቀጥታ ስለሚነካ ንፋስ አይወስደውም። ለሙቀት፦ የመሃል አየር መውጫዎቹን ወደ ደረትህና ወደ እጅህ አዙራቸው፤ ፊት ላይ የተላከ ቀዝቃዛ አየር ሳይደርስ ይበተናል። የውስጥ አየር ማዞሪያውን አጥፋው፤ ጣሪያ በሌለበት የሚዞር የውስጥ አየር የለም። አንዳንዶቹ መኪኖች፣ መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ2004 በኤስኤልኬ እንደጀመረው፣ ከጭንቅላት መደገፊያው ሥር ሞቃት አየር ወደ አንገት ይነፋሉ። ያንተ ካለው በትንሹ ደረጃ ጀምር፤ ብዙ ሲሆን ቆዳ ያደርቃል።

ጣሪያው እርጥብ ሆኖ አይታጠፍ። በግድ ከሆነ ቤት እንደደረስክ ዘርጋው፤ ታጥፎ ያደረ እርጥብ ጨርቅ ይሻግታል፣ እጥፋቱ ላይም ነጭ መስመር ያወጣል። የኋላ መስታወቱ ፕላስቲክ ከሆነ ሲታጠፍ የእጥፋት መስመር እንዳይይዝ እጅህን ከጎን እየገፋህ ክብ እጥፋት አስይዘው፤ ዚፕ ካለው መጀመሪያ ዚፑን ክፈት። ስታጥብ በለስላሳ ብሩሽ፣ ለጨርቅ ጣሪያ በተሠራ ሳሙና፣ በጨርቁ ሥሪት አቅጣጫ እጠበው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቅርብ አትልቀቅበት፤ ክሩን ያሳሳል፣ ስፌቱንም ይፈታል። ውኃ ጠብታ እየሆነ መንከባለሉን ትቶ መምጠጥ ሲጀምር የውኃ መከላከያ ቅብ ይፈልጋል። ጎሚኒዎቹን በሲሊኮን እንጂ በቫዝሊን ወይም በግሪስ አትቀባ፤ የነዳጅ ዘር ያለው ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል።

ያገለገለ ለገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የውኃ መውረጃዎቹን ማየት ይገባል። ጨርቁ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት፣ ከበሩ በስተኋላ በግራና በቀኝ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ቱቦ ወርዶ ከመኪናው ሥር ይወጣል። ቅጠልና አፈር ሲደፍነው ውኃው ከወንበር ጀርባና ከዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ሥር ይተኛል፤ በብዙ መኪኖች የጣሪያው ፓምፕና ኮምፒውተር ያሉት እዚያው ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብለህ ቦዩ ላይ አፍስስና ሥር ተመልከት፤ ወዲያው ካልወረደ ተደፍኗል። ለመክፈት ወፍራም የናይሎን ክር ተጠቀም። ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል፣ ጠንካራ የአየር ግፊት ደግሞ ከመጋጠሚያው ያስወጣዋል፤ ያኔ ውኃው በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው።

አንድ የደህንነት ነገር ልጨምር። ከኋላ መደገፊያዎቹ ጀርባ መኪናው ሲገለበጥ በቅጽበት ብድግ የሚሉ ብረቶች ሊኖሩ ይችላሉ። እዚያ ላይ ቦርሳም ሆነ ልብስ አታስቀምጥ፤ የንፋስ መከላከያውም ለዚያ ሞዴል ያልተሠራ ከሆነ መንገዳቸውን እንዳይዘጋ አረጋግጥ።

መለያውን፣ ባትሪውን፣ የመስታወቱን ልክ ፈትሸህ አሁንም የሚያቆም ከሆነ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፣ ጣሪያው በትክክል የት ላይ እንደሚቆም፣ ያኔ ፓምፑ ድምፅ ይስጥ አይስጥ እዚሁ ጻፍልን።