የስኳር ሕመምና የአዩርቬዳ ዕፅዋት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ህንዶቹ ባህላዊ ሕክምና፣ ስለ አዩርቬዳ፣ ብዙ ጠይቃችኋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዩርቬዳ ስኳርን ነቅሎ ያጠፋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጥንት የህንድ ሐኪሞች በሽታውን በደንብ ያውቁት ነበር። የሕመምተኛው ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለዋል። ቀጫጭኖቹን ከወፍራሞቹ ለይተው ያክሙም ነበር። ይህ እውቀት ክብር ይገባዋል። ስኳርን ነቅሎ የሚያጠፋ ዕፅ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚረዳ ዕፅ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለአብሽ ነው፤ ህንዶችም እኛም በየቤታችን አናጣውም። ውሃ ሲነካው የሚያዝለገልገው አሰሩ፣ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት ከነፍሬው ይውሰዱት። ውሃውን ጠጥቶ ፍሬውን መድፋት ዋናውን መጣል ነው። ካሬላ የሚባል መራራ አትክልትና ጉርማር የሚባል ቅጠልም አሉ። ጉርማር አኝከው ስኳር ቢቀምሱ ጣፋጭነቱ ለጊዜው አይሰማዎትም። በእነዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ አጋዥ እንጂ የመድኃኒት ምትክ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የስኳር ክኒኔን ሜትፎርሚንን ኬሚካል ስለሆነ ትቼ ወደ ዕፅ ብመለስስ?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። የሜትፎርሚን መነሻው ራሱ ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። ልዩነቱ መጠኑ መታወቁና ለአሥርት ዓመታት በብዙ ሰው ላይ መፈተኑ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን በካሬላ ጭማቂ መተካት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም! ቆሽቷ በቂ ኢንሱሊን አያመነጭም። መርፌው ከተቋረጠ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ደሟ አሲድ ይሆናል። ይህ ይገድላል።

ጥያቄ፦ በስኳር ፈንታ ማርስ?

መልስ፦ ማርም ያው ስኳር ነው።

ጥያቄ፦ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ክኒን እወስዳለሁ። አብሽ ልጨምርበት?

መልስ፦ ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይጨምሩ። ሁለቱ ተደርበው ስኳርዎን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ካላበዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ካዞረዎት ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። መለኪያ ከሌለዎት አይጠብቁ፣ ወዲያው ይጠጡ። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ እነዚህን ዕፆች በመድኃኒት መልክ ባይወስዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዘመድ የላከልኝ የአዩርቬዳ ዱቄት «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ በጽሑፉ ብቻ አይመኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ የሚጎዳው ኩላሊትንና ነርቭን ነው፤ ስኳርም የሚያጠቃው እነሱኑ ነው። አብሹን ከገበያ ገዝተው ራስዎ ቢለቅሙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አመጋገብና እንቅስቃሴስ?

መልስ፦ አዩርቬዳ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥንታዊ መጻሕፍቱ ገብስ፣ መራራ አትክልትና ብዙ የእግር ጉዞ ያዝዛሉ። ቀን መተኛትን ይከለክላሉ። ዘመናዊ ሕክምናም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድን ይመክራል። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ እንኳ መራመድ ለውጥ ያመጣል።

ጥያቄ፦ የጀመርኩት ዕፅ እየሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በመለካት። ጠዋት በባዶ ሆድና ምግብ ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ለክተው ይመዝግቡ። በ3 ወሩ፣ ያለፉትን ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ (A1C) ምርመራ ያድርጉ። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፣ ዕፁንም ለሐኪሙ አሳዩት።