ሊቀመንበሩን ባላባት ያደረገው ቀይ እስክሪብቶ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጸሐፊ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ በባለሥልጣን የሚያሾፍ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩን የሌለ አገር ውስጥ ባደርገው ይሻላል?» መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ የ1973 ዓ.ም. ነው። የአንድ መጽሔት አርታኢ ነበርኩ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት አስተማሪ በደብተር የጻፈውን አጭር ልብወለድ ይዞልኝ መጣ። ጫማው አዲስ ነበር፤ ለዚያ ቀን የገዛው መሰለኝ።

ታሪኩ ይኸውላችሁ። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ማለዳ መነሳት አይወድም። ስለዚህ አውራ ዶሮ ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እንዳይጮህ መመሪያ ያወጣል። ዶሮ ያለው ሰው ይመዘገባል። ዶሮው ቀድሞ ከጮኸ የስኳር ራሽኑ ይቀርበታል። የአንዲት ባልቴት ዶሮ ግን እንደ ልማዱ በአስራ አንድ ሰዓት ይለቀዋል። ስብሰባ ይጠራል። ዶሮው ግለ ሂስ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ቃለ ጉባኤ ያዡም «ተከሳሹ ዝም በማለቱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሯል» ብሎ ይጽፋል።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። በሩን ዘግቼ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ሊቀመንበሩን የድሮ ባላባት አደረግኩት። መመሪያው አዋጅ ሆነ። ስኳሩ ግብር ሆነ። ግለ ሂሱንና ቃለ ጉባኤውን ጭራሽ ሰረዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሳንሱር ቤት እንኳን ገና አልደረሰም ነበር። ልጁ አነበበውና «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ።

ታተመ። የሰፈሬ ሊቀመንበር መጽሔቱን በብብቱ ይዞ መጣና «ፊውዳሉን ልክ አስገባችሁት!» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ሻይም ጋበዘኝ። ጠጣሁት። ልጁ ግን ሁለተኛ ጽሑፍ አላመጣም።

በ1975 ደርግን የሚተቸው የበዓሉ ግርማ ልብወለድ «ኦሮማይ» ወጥቶ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። ያኔ «እንኳን ሰረዝኩለት፣ ልጁን አዳንኩት» አልኩ። ለዓመታት በዚህ ስጽናና ኖርኩ። ግን በ1973 ይህን በምን አውቄ? የፈራሁት ለእንጀራዬ ነው።

የሌለ አገር ስላልሽው፣ አቤ ጉበኛ በጃንሆይ ዘመን አልወለድም የሚል ጽንስ ፈጥሮ ጻፈ። ገና ያልተወለደ ልጅ ነው እንግዲህ! መጽሐፉ ታገደ፣ ተቃጠለም። ስለዚህ የአገሩ ስም ብዙም አይከልልሽም። ሰውየው ማኅተሙን የትኛው ኪሱ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ፣ ሲያዛጋ ማን አብሮት እንደሚያዛጋ ጻፊ።

የዛሬ ልጆች ስድብን ስላቅ ትሉታላችሁ። ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ባለሥልጣንን አህያ ማለት አህያዋን መበደል ነው። ድፍረታችሁ ግን ያስቀናኛል።

ደግሞ ልደበቅ ካልሽም ተደበቂ። እናት አለሽ። ቅድም ያልኩትን የሚያፈርስ እንደሆነ አውቃለሁ።

ረቂቁን አምጪልኝ። አሁን በእርሳስ ነው የማርመው። ሊቀመንበርሽን አልነካውም፤ ነጠላ ሰረዝሽን ግን አልምርም።