የተሰነጠቀ የቢኤምኤክስ (የዝላይ ብስክሌት) ሹካ ይበየዳል ወይ ላልከው ወንድሜ

ከኮምቦልቻ «የልጄ ቢኤምኤክስ የፊት ሹካ ከአንገቱ ሥር ተሰነጠቀ፤ በያጁ ፌሮ ጨምሬ አጠናክርልሃለሁ ይላል፤ ላሠራው?» ብለህ ጠይቀሃል። አታሠራው። አብሽር፣ መላ አለው። የእህቴ ልጅ ደሴ ላይ ይኸው ደርሶበት ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ።

1. ሹካ የሚጠነክረው ብረት ስለበዛበት አይደለም። ክሮሞሊ የሚባለው 4130 ብረት 1 በመቶ ገደማ ክሮም እና 0.2 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም አለው። ቱቦው ስስ ሆኖ ዝላይ የሚችለው በዚህች ጥቂት ቅይጥ ነው። እግሮቹ፣ ማለትም ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለቱ ቱቦዎች፣ ጭነት በሚበዛበት በላይኛው በኩል ወፍራም ናቸው፤ ወደ ጎማው ሲወርዱ ይቀጥናሉ። በጥሩ ሹካ ላይ አንገቱ፣ ማለትም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ፣ ከታችኛው ኩሽኔታ መቀመጫ ጋር ከአንድ ወጥ ብረት በቶርኖ የወጣ ነው። ከተበየደ በኋላም ሹካው በሙሉ እቶን ገብቶ በሙቀት ይጠነክራል። ሰፈር ውስጥ የሚበየድ ሹካ ግን ይህን ጥንካሬ እሳቱ በደረሰበት ሁሉ ያጣል።

2. ተለጥፎ የመጣ ጽሑፍ አትመን። የእህቴ ልጅ ሹካ ላይ «ክሮሞሊ» የሚል በትልቁ ተለጥፎበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እግሮቹ ወደ ኋላ ታጠፉ። ጽሑፉን ቀረብ ብዬ ሳነበው ክሮሞሊ ያለው አንገቱን ብቻ ነው፤ እግሮቹ ተራ ብረት ናቸው። ይዤው ወደ ሻጩ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደግሞ ልጁን ማን ዝለልበት አለው?» አለኝ። ለዝላይ የተሠራ ብስክሌት ሸጦ ማን ዝለል አለው ይላል! ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። በሌላው ደንበኛ ፊት ጽሑፉን ጮክ ብዬ አንብቤለት ወጣሁ።

3. ስለ በያጁ። የልጁ አባት የእኔን ምክር ትቶ የታጠፈውን ሹካ አስቃንቶ በሁለቱም በኩል አጫጭር ፌሮ አስበየደበት። ሲታይ ድልድይ የሚሸከም ይመስል ነበር። የተሰበረው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ፌሮው ባለቀበት ነው። ፌሮ የገባበት ክፍል አልታጠፍም ሲል ጭነቱ ሁሉ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ያለው ቱቦ ደግሞ በእሳት የተዳከመው ነው። ልጁ ከዝላይ ሲያርፍ ጎማው ተነቅሎ ሄደ፤ አገጩ ተሰፋ። የአንተም ልጅ በዚያ ሹካ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ አስበው።

ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ልኬቱን ጽፌ ሰጥቼ፣ አንገቱም እግሩም ክሮሞሊ የሆነ አስመጣሁ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ወደ 1 ኪሎ ነበር፤ አሮጌው በግልጽ ይከብዳል። ልጁ እስከ ዛሬ በኮብልስቶኑ ላይ ይዘልበታል፤ ሹካው ንቅንቅ አላለም። እግሮቹ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብታይ አትደንግጥ፤ ሲበየድ የጋለ አየር የሚወጣበት ነው፣ አትድፈነው። ደግሞ የፊት ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፋው። አንገቱ ጋ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ቶሎ አጥብቀው፣ አንገትን የሚጨርሰው ይህ ነው። ከዝናብ በኋላም ሥሩን በጨርቅ ጠርገህ እይ፤ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካየህ ስንጥቅ ነው።

አሁን የአንገቱን ውፍረት በካሊፐር ለካ፤ የዘመኑ ቢኤምኤክስ 28.6 ሚሊሜትር ነው። የፊት ጎማው ዘንግ 10 ወይም 14 ሚሊሜትር መሆኑንም እይና እዚሁ ጻፍልኝ። የትኛውን እንደምታስመጣ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያው ልጁ አይንዳው።