የቆመች ኤምጂቢ ድሬዳዋ ትደርሳለች?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ። የዓምዱ አዘጋጅ ጅማ የሚገኝ የመኪና ጥገና ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባታችን ሲያርፍ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ቀይ ኤምጂቢ፣ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ትቶልን ሄዷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1965 ስሪት ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቸርኬዋ ባለ ራጂ ነው። ከቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ በላስቲክ ተሸፍና ነው የኖረችው። አባታችን የገዛት ድሬዳዋ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ እኔና ወንድሜ ከጅማ ተነሥተን በአዲስ አበባ በኩል ድሬዳዋ ድረስ ልንነዳት ተስማምተናል። ያሳየናቸው መካኒክ «ሞተሩ ወርዶ ተበትኖ መታደስ አለበት» አሉን። ገንዘቡ ከአቅማችን በላይ ነው። ከየት እንጀምር?
ት. ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ሞተሩን እንዳታስወርጂው። የኤምጂቢ ሞተር 1,798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ብረቱ ወፍራም የሆነ ታጋሽ ሞተር ነው። በፈረንጆች ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ደግሞ ክራንኩ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ በአምስት ቦታ ስለተደገፈ ያንቺ ከጠንካሮቹ ወገን ነው። የቆመ ሞተር ሁሉ ያለቀ ሞተር አይደለም። መኪና ቆሞ ሲኖር የሚሞተው ላስቲኩ፣ ሽቦው፣ ቤንዚኑና የፍሬን ዘይቱ ነው፤ መንገድ ላይ ጥሎ የሚያስቀረውም እሱ ነው። ያላችሁን ገንዘብ እዚያ ላይ አውሉት።

ሞተሩን ለማስነሣት አትቸኩሉ። አሮጌውን ዘይት አፍስሳችሁ 20ደብልዩ50 ዘይት ሙሉበት፤ ለአዳዲስ መኪኖች የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም። አራቱንም ካንዴላ ፈትታችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሩና እንዲያድር ተዉት። በማግስቱ ካንዴላው ሳይመለስ በሞተሪኖ አዙሩት። የዘይት ግፊት ጌጁ ከፍ ሲል ካያችሁ በኋላ ብቻ ካንዴላውን መልሳችሁ አስነሡ። ሞቆ በመንገድ ፍጥነት ሲሄድ ከ50 ፓውንድ በላይ ግፊት ካሳየና ሰማያዊ ጭስ ካላበዛ፣ «ይበተን» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ አሰናብቱት።

ከሞተሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አካሏ ነው። ኤምጂቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ የላትም። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ጥንካሬዋ በሙሉ ያለው ከበሮቿ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በተዘረጋው ሣጥን መሰል ብረት ላይ ነው። በጅማ ዝናብ ላይ የላስቲክ ሽፋን ሲጨመር እርጥበቱ ታምቆ ይህንኑ ብረት ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀለሙ ከውጭ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ እያለ ክሪኩን ከበሩ ሥር መሐል ላይ አስገብታችሁ ከፍ አድርጓትና በሩን ክፈቱት፣ መልሳችሁም ዝጉት። ያለ ትግል ከተከፈተና በዙሪያው ያለው ክፍተት ካልተለወጠ ብረቱ ጤነኛ ነው። በሩ ካልገጠመ ግን በስብሷል፤ እሱ ሳይጠገን ሌላ ነገር ላይ አንድ ብር አታውጡ። ብረቱ የሚቀየር ከሆነ በያጁ ከመቁረጡ በፊት የበሩን መክፈቻ ከፊት እስከ ኋላ በብረት ዘንግ አገናኝቶ ማሰር አለበት። ይህን ካላደረገ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች፤ በሮቿም ዳግመኛ አይገጥሙም። ይህን ለበያጁ ራስሽ ንገሪው፤ እየሠራም አጠገቡ ቁሚ። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ግን ማንም እንዳይገባ።

ፍሬኑ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ መንገዳችሁን አውቀዋለሁና። ከሰኮሩ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ትወርዳላችሁ፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ አለ። የዚህች መኪና የፊትና የኋላ ፍሬን በአንድ መስመር የተያያዘ ነው። በአሁን ዘመን መኪና አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው ይይዛል። በእናንተ ግን አንዲት ቱቦ ከተቀደደች ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ የሚቀራችሁ የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ላስቲክ ቱቦዎቹን፣ ሁለቱን የፊት አንዱን የኋላ፣ ደህና ቢመስሉም ሦስቱንም ቀይሩ። የቱቦ በሽታ ከውስጥ ነው፤ ላስቲኩ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚያጠበው ዘይቱ ሄዶ አይመለስም፤ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላም ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። የኋላውን ታምቡር አስከፍታችሁ የፍሬን ሸራው በዘይት የራሰ መሆኑን እዩ፤ ከራሰ ዘይቱን የሚያግዱት ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹ፣ አልቀዋልና ሸራውም ጎሚኒውም ይቀየር። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ በሙሉ ይውጣ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም።

ቁልቁለቱን የምትወርዱት በማርሽ ነው፣ በእግር ፍሬን አይደለም። ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ፣ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አስገቡና በዚያው ውረዱ። በ1965 ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ መኪናዋ እየሄደች በወጉ አይገባም፤ ቁልቁለት መሐል እሱን መፈለግ አደጋ ነው።

ወደ ውኃው ልምጣ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ከዚያም ቀድሞ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። በደጋ አገር ያረጀ የራዲያተር ክዳን ከቆላው የበለጠ ይጎዳል የምለው ለዚህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች የ7፣ ለኋለኞቹ የ10 ፓውንድ ክዳን ይገጠም ነበር፤ በራሷ መመሪያ የተጻፈውን አዲስ ግዙ። የሞተሩን የውኃ መንገድ ጥርት እስኪል ድረስ አሳጥቡ፤ ቱቦዎቹንና ቺንጊያውን ቀይሩ። ቴርሞስታቱን፣ የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማበትም። ባለ 82 ዲግሪ አዲስ ቴርሞስታት አስገቡ። ከአዳማ በኋላ እስከ አዋሽ ድረስ ሙቀቱ ስለሚበረታ ያንን ክፍል ማለዳ እለፉት።

ካርቡራተሮቿ ኤስ ዩ የሚባለው የእንግሊዝ ሥሪት ሁለት ናቸው። በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ ስስ ነውና። አባታችሁ ድሬዳዋ አስተካክለዋት ከነበረ እንኳ ጅማ ላይ ትንሽ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ በቀስታ ወደ ላይ ግፉ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ከቃጣው አንሷል፤ ለቅጽበት ብቻ ፈጠን ብሎ ከተረጋጋ ልክ ነው። ማስተካከያው ከሥር ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ነው፤ ወደ ላይ ሲጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጎን በላይ አታዙሩ፤ ሁለቱንም ካርቡራተር እኩል አድርጉ። ከዚያ ወደ ሰርቦ ነድታችሁ ተመለሱና ካንዴላውን እዩ፤ ጥቁር ጥላሸት ብዙ፣ ነጭ ጥቂት፣ ቡናማ ልክ ነው። በካርቡራተሩ አናት ላይ ያለችው ክዳን ውስጥም ጥቂት የሞተር ዘይት ይጨመራል። ይህ ሲረሳ መኪናዋ ነዳጅ ስትሰጧት ትደናቀፋለች፤ ሰው ሁሉ ግን ካንዴላ ይቀይራል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በፈረንጆች እስከ 1967 የወጡት ኤምጂቢዎች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ከአካሏ ብረት ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ከእናንተ በፊት ማንም ካልለወጠው ያንቺም እንደዚያው ነው። በአገራችን ያለው መካኒክ ሁሉ የለመደው ግን ተቃራኒውን ነው። በስሕተት ሲገለበጥ ጉዳት አለ፤ ያልታወቀ ሬዲዮም ሆነ የስልክ ቻርጀር ከተሰካባት ሊቃጠል ይችላል። «ፖዘቲቭ ማሳ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉና ኮፈኑ ሥርና ከወንበሮቹ በስተጀርባ ባትሪዎቹ ካሉበት ቦታ ለጥፉ። ባትሪዎቹ በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ባለ 6 ቮልት ናቸው። ስልካችሁን ለብቻው በሚሞላ ባትሪ ሙሉት። ፊውዞቿ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የፊት መብራቱም የማቀጣጠያውም ሽቦ ፊውዝ የለውም። ስለዚህ ሽቦው ሽፋኑ የተላጠበትን ቦታ በሙሉ ፈልጋችሁ አሽጉ፤ የባትሪ ማቋረጫ ማብሪያ አስገጥሙ፤ የእሳት ማጥፊያም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይኑር። ዲናሞዋ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ እምብዛም አይሞላም፤ አዲስ አበባን በምሽት መጨናነቅ መብራት አብርታችሁ አትለፉ።

የቤንዚን ፓምፗ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኋላ በቀኝ ጎማ በኩል ከሥር ይገኛል። ቁልፉ ሲከፈት ጥቂት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም ማለት አለበት። ሳያቋርጥ ከቀጠለ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም ካርቡራተሩ እያፈሰሰ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ቤታችሁ ስትደርሱ ግን ይቀየር። ታንኩን አውርዳችሁ ዝገቱን አጥቡ። ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን የድሮ ላስቲክ ስለሚበላ የቤንዚን ቱቦዎቹም አዲስ ይሁኑ።

ጎማው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። 1219 ቢል በፈረንጆች 2019 በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም አይታመንም። ቸርኬው ባለ ራጂ ስለሆነ ከመነዳሪ ያስፈልገዋል፤ ጎሚስታው እንዳይረሳው። የፊት እግሯ ግራሶ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይሰጣት፤ ሲሰጥም ጎማው ከመሬት የተነሣ ይሁን።

ዕቃ ስትይዙ ቁልፎቿ በኢንች መሆናቸውን አትርሱ። ባለ 13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ግማሽ ኢንች ዳዶ ላይ የገባ ይመስላል፤ ኋላ ግን ጠርዙን ያከብበዋል። የካንዴላውን እሳት የሚያስነሡትን ፑንቲናና ኮንዴንሰር ያዙ፤ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ከገዛችሁ ደግሞ አሮጌውንና ሲሠራ የነበረውን አትጣሉ፤ አዲስ ኮንዴንሰር በሁለተኛው ቀን ሲሞት አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ አሮጌው ያደርሳችኋል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አትውጡ። በመጀመሪያ አጋሮ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ደርሳችሁ ቡና ጠጡ፣ ከሥር ዘይትና ውኃ የተንጠባጠበ ካለ እዩ፣ ተመለሱ። ይህን ደጋግሙት፤ አንድ ጊዜም በዝናብ ይሁን። በመጨረሻ ወልቂጤ ድረስ ሄዳችሁ ጊቤን በሁለቱም አቅጣጫ ተሻገሩ። ጊቤን ወርዳ የወጣች መኪና ደንገጎን ትወርዳለች።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ትራያምፍ ስፒትፋየር የምትባል የድሮ የእንግሊዝ መኪና አለችኝ። የማውቀው ባለ ጋራዥ የኮሮላ ሞተር እናስገባበት፣ ትገላገላለህ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?
ጡረተኛው፣ ከሄርማታ

መልስ፦ አባባ፣ እባክዎ አያስገቡ። የኮሮላ ሞተር መልካም ሞተር ነው፤ ግን ካምቢዮው፣ የሞተር ማቆሚያው፣ ራዲያተሩ፣ ማርሚታው፣ ሽቦው ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሲበላሽ መመሪያ መጽሐፍ የሌላት፣ ከሠራት ሰው በቀር ማንም የማያውቃት መኪና ትሆንብዎታለች። የስፒትፋየር መለዋወጫ ግን ዛሬም እንግሊዝ አገር በብዛት ይሠራል፤ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ይልቅ በዚህች መኪና አንድ ነገር ይፈትሹልኝ። የፊት ጎማው የሚዞርበት የታችኛው መጋጠሚያ እንደሌላው መኪና ግራሶ አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ነው። ባለማወቅ ግራሶ ሲሞላበት ከታች ያለው ጥርስ ደርቆ ይበላል፤ ብረቱ ተሰብሮም ጎማው ወደ ጎን ሊወድቅ ይችላል። ለረጅም መንገድ ከመነሣትዎ በፊት ያስፈቱት፤ ከተበላ ይቀየር።

ጥያቄ፦ የኔዋ ጣሪያዋ ብረት የሆነች ኤምጂቢ ጂቲ ናት። ሞተሩ ከላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያስፈራል ወይ?
ከአጋሮ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሞተር ድምፁ እንደዚያው ነው፤ ዝም ያለ ቫልቭ ይበልጥ ያስፈራኛል። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ስለሚቀር ይቃጠላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ስምንቱንም ለካ፤ 0.38 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልኩን በደብተር ጻፈውና ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለካ። ይህ ሞተር የተሠራው እርሳስ ላለው ቤንዚን ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ደግሞ በፈረንጆች እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ያንን ቤንዚን ትተዋል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት በየልኬቱ እየጠበበ ከሄደ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ እየሰመጠ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታውን፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን አናት፣ አውርደህ ቶርኖ ቤት ጠንካራ መቀመጫ አስገባበት። ካልጠበበ አትንካው፤ እየነዳሃት ቆይ።