ንስሐ ገብቼ ለምን አልቀለለኝም?

እትዬ እንደምን ከረሙ፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው፣ ማራኪ አካባቢ። ነገሩ የቆየ ነው። ኮሌጅ እያለሁ ብር ቸግሮኝ የእማዬን የወርቅ ሐብል ከሳጥኗ አውጥቼ ፒያሳ ወስጄ ሸጥኩት። እማዬ ስታጣው ሰራተኛችንን ጠረጠረቻት፣ ከደንቢያ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ከኔ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው፣ እያለቀሰች በማርያም ስትምል እኔ ጓዳ ቆሜ እሰማ ነበር ግን ትንፍሽ አላልኩም። የሶስት ወር ደሞዟ ተይዞባት በዛው ማታ ፌስታሏን ይዛ ወጣች፣ ሰፈሩ ሁሉ ሌባ እያላት። ይሄው 9 ዓመቱ። አምና ሁዳዴ ላይ ለንስሐ አባቴ "ሰርቄያለሁ" ብዬ ተናዘዝኩ፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ ጾሙንም ስግደቱንም ጨረስኩ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። ግን በቃ አልቀለለኝም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ሁሉ እኔን የሚያዩ ይመስለኛል፣ ለመቁረብም ፈራሁ። እግዜር ይቅር አላለኝም ማለት ነው ወይስ እምነቴ ነው የጎደለው?

መልስ፦

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ዮሐንስ በ1ኛ መልእክቱ 1፥9 ላይ በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን "የታመነና ጻድቅ ነው" ይላል። የታመነ የተባለው እግዚአብሔር ነው፣ ስለዚህ አልቀለለኝም ብለሽ ይቅርታውን አትጠራጠሪ።

ግን እስቲ ልጠይቅሽ፣ ለአባ ስለ ልጅቷ ነግረሻቸዋል? ለኔ ስለ ሐብሉ አንድ መስመር ነው የጻፍሽው፣ የቀረው ሁሉ እሷ ናት፣ መሐላዋ ደሞዟ ፌስታሏ። ለሳቸው ግን "ሰርቄያለሁ" ብቻ ነው ያልሽው። በኛ በኦርቶዶክስ ቁጥር መዝሙር 31 ላይ (በሌላው አቆጣጠር 32 ነው) ዳዊት ዝም ባለ ጊዜ አጥንቶቹ እንደተበላሹ ይናገራል፣ አንቺም ጓዳ የጀመርሽውን ዝምታ ንስሐ አባትሽ ፊት ድረስ ይዘሽው የገባሽ ይመስለኛል። ተመልሰሽ ሂጂና ሁሉንም ንገሪያቸው፣ ቀኖናውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው እኔ እዛ ውስጥ አልገባም።

ሌላው ደግሞ ኦሪት ዘኁልቍ 5 ላይ ሰውን የበደለ ሰው ይናዘዝና የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለተበደለው ይመልስ ይላል፣ ኑዛዜውና መመለሱ አንድ ላይ ነው የተጻፉት። ዘኬዎስንም አስቢው፣ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ "ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል" ብሎት በደስታ ከተቀበለው በኋላ ነው፣ ይቅርታን በብሩ አልገዛም እኮ፣ ጌታ ቤቱ ሲገባለት ነው እጁ የተፈታው። አንቺም ስትመልሺ እንደዛ አድርገሽ መልሺ።

ዳዊት ደግሞ "እግዚአብሔርን በደልሁ" ሲል ነቢዩ ናታን እዛው ላይ ነው እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል ያለው፣ 2ኛ ሳሙኤል 12፥13 ላይ አንብቢው፣ አንድ ቁጥር ነው። ግን ያስገደለው ኦርዮን ሞቷል፣ ዳዊት ሄዶ በድዬሃለሁ የሚለው ሰው አልነበረውም። ይሄን ሳነብ ሁሌ ልቤ ይሰበራል። ያንቺዋ ልጅ ግን በህይወት ልትኖር ትችላለች፣ አሁን ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ትሆናለች፣ ምናልባት ወልዳለች፣ ምናልባት በዛ ስም ምክንያት ሌላ ቤት ስራ ተከልክላ ይሆናል። ያኔ ያመጣትን ደላላ ጠይቂ፣ ቅዳሜ ገበያ ከደንቢያ የሚመጡትንም ጠይቂ። ደሞዟን ከነጭማሪው ይዘሽ ሂጂ እና ይቅር በይኝ ብለሽ አታስጨንቂያት፣ በድዬሻለሁ በያት፣ ብትቆጣሽም ብትሰድብሽም ቁጭ ብለሽ ስሚያት፣ ያኔ እሷን የሰማት አልነበረም።

ከዛ በፊት ግን እናትሽ አሉ። ዛሬም የልጅቷ ስም ሲነሳ "ያቺ ሌባ" ይሉ ይሆናል፣ ጎረቤቱም እንዲሁ። ቡና ሲፈላ ሁሉም ተሰብስበው ሳለ "ወርቁን የወሰድኩት እኔ ነኝ" በያቸው።