ከካርታ ላይ የተለካ መሬት ስንት ሄክታር ነው?

ጥያቄ፦ የቀበሌያችንን የወል ግጦሽ ስፋት ለማወቅ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ለክቼ 3.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር አገኘሁ። በዚህ ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነ በ500 ባባዛው 1,600 ካሬ ሜትር ወጣልኝ፤ ይህ ደግሞ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚውልበት ሜዳ እንዲህ ሊያንስ አይችልምና ስሌቱ የት ላይ ተበላሸ? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የተሳሳተው ማባዣው ነው። 500 ለርዝመት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ስፋት ርዝመትም ወርድም ስላለው 500 በራሱ መባዛት ይኖርበታል፤ ውጤቱም 250,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 25 ሄክታር ነው። እንግዲህ 3.2 በ25 ሲባዛ ግጦሹ 80 ሄክታር ይሆናል። ጥማድን ሩብ ሄክታር፣ ጋሻን 40 ሄክታር ግድም አድርገን ብንይዝ 320 ጥማድ ወይም ሁለት ጋሻ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት በመሆኑ እንደ አፈሩና እንደ አገሩ ስለሚለያይ፣ በማመልከቻ ላይ ሄክታሩን ቢጽፉ ይሻላል።

ስሌቱን ለማመሳከር ካርታው ላይ የታተሙትን ቋሚና አግድም መስመሮች ይመልከቱ። በመካከላቸው ያለው ርቀት መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን 100 ሄክታር ይይዛል፤ የእርስዎ ግጦሽ ከአንዱ ትንሽ ማነስ አለበት። የለኩት በፎቶ ኮፒ ላይ ከሆነ ግን አስቀድመው የመስመሮቹ ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ያረጋግጡ። ኮፒው ርዝመቱን እጥፍ አድርጎ አጉልቶት ከሆነ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ አንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 6.25 ሄክታር ብቻ ይወክላል።

ካርታ ዳገቱን ጠፍጣፋ አድርጎ እንደሚያሳይም ልብ ይበሉ። 30 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ተረተር ላይ 100 ሄክታር የሆነ መሬት በካርታ 87 ሄክታር ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ገበሬው በእግሩ የሚያውቀው ስፋት ከካርታው የሚበልጠው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ለሜዳ መሬት ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

ጉዳዩ የወሰን ክርክር ከሆነ ይህ ካርታ አይበቃም። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ስለሚሸፍን፣ ወሰኑ በመስክ እንዲቀየስ መጠየቅ፣ ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ከተሰጠም አብሮት ያለውን የማሳ ካርታ ማቅረብ ይኖርብዎታል።